ትንሿ ምራቴ ሠላሳውን ቀን ስትሞላ

ልጄ ውሃ ተሸክሞ ሲመጣ ያየሁት ከዒድ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በእጁ አንጠልጥሎት ቢሆን ዝም ባልኩ። በጋሪ ገፍቶት ቢሆንም ዝም ባልኩ። እሱ ግን ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን እንደ ሴት በገመድ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ገመዱን ደረቱ ላይ ቋጥሮ፣ አጎንብሶ በግቢያችን በር ገባ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢም ያለው፣ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው! ከኋላው ቦኖው ጋ የተሰለፉት የሰፈር ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«አጃኢብ!» አልኩ። 

«ደህና አደርሽ እማዬ?» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ምንድን ነው ጀርባህ ላይ ያለው?»

«ውሃ ነዋ።»

«ዛሬ የማን ተራ ነው?»

ወደ በርሜሉ መራመድ ጀመረ። የማን ተራ እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። የሚስቱ ነበር።

መካነ ሰላም ላይ የቦኖ ውሃ በየቀኑ አይመጣም፤ የመጣ ቀን በርሜሉ ካልሞላ ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅ ነው። በግቢያችን ሁለት ምራቶች አሉኝ። ትልቁ ልጄ ሳዑዲ ነው፤ ሚስቱ ከሦስት ልጆቿ ጋር በስተቀኝ ባለው ቤት ትኖራለች። ትንሹ፣ ይኸው በያጁ፣ ከሚስቱ ጋር በስተግራ ባለው። እኔ መሀል ነኝ። እኔ ራሴ ምራት ሆኜ የገባሁበት ቤት ሦስት ምራቶች ነበርን፤ አማቴ ለምትወዳት ታደላ ነበር፣ እኔን ደግሞ አትወደኝም ነበር። ስለዚህ የራሴ ምራቶች ሲመጡ አንድ ነገር ቆረጥኩ። በዚህ ግቢ ማንም ከማንም አይበልጥም፣ ማንም ከማንም አያንስም። ውሃው በተራ፣ ጠረጋው በተራ፣ ወፍጮ ቤት መሄዱም በተራ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ተራውን በካርቶን ላይ ጽፌ ኩሽናው በር ላይ ሰቅያለሁ። መለዋወጥ የለም፤ ባል ማስገባትም የለም።

«አውርድ» አልኩት።

«እማዬ፣ አሁንማ ደርሻለሁ፣ በርሜሉ ውስጥ ልገልብጠው።»

«አውርድ አልኩህ! አንዷን ባሏ ሊሸከምላት፣ የሌላዋ ባል ሳዑዲ ስለሆነ ወገቧ ሊቆረጥ? ይሄ ነው ፍርድ? ወይስ ወንድምህ በአውሮፕላን መጥቶ ይቅዳላት?»

ትንሿ ምራቴ ድምፄን ሰምታ ከቤቷ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ እኔ አምጣልኝ ብዬው አይደለም። የቀረውን እኔው አመጣለሁ» አለች። ልጄ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እሷ አየችው፤ መልሶ ዘጋው። ሦስት ጀሪካን ቀርቶ ነበር። እሷ ሦስቱንም አመላለሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ።

አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ያን ጠዋት አለማወቄ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለፈው ወር ነው የሚያስደነግጠኝ። እኔ እርግዝና በመለየት የታወቅሁ ሰው ነኝ። ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ሴቶች ጎኔን ነካ አድርገው «እስቲ ያቺን እይልኝ» ይሉኛል። የአንገት ሥር ሲመታ፣ ዓይን ሥር ሲጠቁር፣ ምራቅ ሲበዛ፣ አንዲት ሴት ያለወትሮዋ ከወጥ ሽታ ስትሸሽ ቶሎ አያለሁ። አንዴማ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለእኛ ስለ እርግዝና ልታስተምር የመጣችውን፣ እርጉዝ መሆኗን እሷ ሳታውቅ እኔ ነግሬያታለሁ።

የገዛ ቤቴን ግን አላየሁም። ትንሿ ምራቴ ከማግባቷ በፊት አረብ አገር ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ሽንኩርት ሲቁላላ አፍንጫዋን ይዛ ስትወጣ፣ «እዚያ ጭስ የሌለው ኩሽና ለምዳ ነው» አልኩ። ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሳ ስትተኛ፣ «የአረብ አገር እንቅልፍ» አልኩ። የበልጉ ዝናብ ሲያባራ ከውጭ ግድግዳው ጥግ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እርጥቡን ጭቃ እንደ ሽቶ ስታሸት አየኋት። «የእናቷ ቤት ናፍቋት ይሆናል» አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ሒጃቧን ደግሞ አገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ ስለምትይዘው የአንገቷን ሥር ማየት አይቻልም።

ከሁሉ የባሰው የረመዳኑ ነው። ይሄ ሴቶች ሁላችን የምናውቀው ነገር ነው፤ በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ረመዳንን ሙሉውን አትጾምም። የወር አበባዋ ይመጣል፤ ለዚያን ያህል ቀን ጾሙም ሶላቱም ይቆማል፤ የጎደለውን ጾም በኋላ ቀዷ ብላ ትተካዋለች። አንድ ግቢ ውስጥ ማን መቼ እንዳቋረጠች ሳይነገር ይታወቃል፤ መስገጃዋን ስታነጥፍ አትታይማ። ትልቋ ምራቴ በዚህ ዓመት ሰባት ቀን ጎደለባት። ትንሿ ግን አንድም ቀን ሶላት አላቋረጠችም፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስም ከእኛ እኩል ተምር አንስታ ታፈጥራለች።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ዒድ ዕለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ቤቴን ሞልቶ ሳለ፣ «የኔ ትንሿ ሠላሳውን ሞላች፣ ማሻአላህ! አንድ ቀን አልጎደለባትም!» ብዬ አወደስኳት። ቀጥዬ ትልቋን አየት አደረግኋትና፣ «ሰባት ቀን ቀዷ የሚጠብቃትም አለች» አልኩ።

አንዷ ክርስቲያን ጎረቤቴ ሳቀች። «ሠላሳውን እንዴት አድርጋ ሞላችው? ወንድ ናት እንዴ?» አለች።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ትንሿ ምራቴ ሳህኑን ሰብስባ ወጣች። ጥያቄው እኮ ፊቴ ላይ ነበር። ሳቅሁበት። በእኛ ሃይማኖት እርጉዝ እንዳትጾም ተፈቅዶላታል፤ ስለዚህ የምትጾም ሴት እርጉዝ ትሆናለች ብሎ ማሰብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

ከውሃው ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ እኔ ደጅ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፤ ትልቋ ልብስ ታጥባለች። ትንሿ ከሽንት ቤት ወጥታ በሩን ይዛ ቆመች።  ትልቋ ቀድማ አየቻትና እጇ ላይ ሳሙናው እንዳለ ሮጠች።

«ምን ሆንሽ? እህቴ፣ ምን ሆንሽ?»

ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት። ትልቋ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ለልጅዎ ይደውሉለት። ደም ነው።»

«የምን ደም?»

«ይደውሉ እላለሁ እኮ!»

በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። ደወልኩ። «ሚስትህ ደም…» ከማለቴ፣ «ብዙ ነው? ሆዷን ይቆርጣታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ምን ሆና ነው?»

«እርጉዝ ናት እማዬ! እርጉዝ ናት!»

ስልኩ ውስጥ የብረቱ መፍጫ ድምፅ ቆመ።  ምስሩ ከሰፌዱ ላይ ተደፍቶ መሬቱ ላይ ተበትኗል፤ መቼ እንደደፋሁት አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ሠላሳው ቀን የገባኝ። ሠላሳ ቀን በዓይኔ ፊት ሰግዳለች። ሠላሳ ቀን።

ልጄ ባጃጅ ይዞ መጣ። ምራቴን መሀል አድርገን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ እጇ እጄን ይጨብጠኛል። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«በረመዳን አሥራ አራተኛው ቀን። መመርመሪያ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ።»

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«እሷ አትንገር አለችኝ። ያለፈውን ታውቂዋለሽ እኮ።»

አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አርግዛ በሦስት ወሯ ወረደባት። ያኔ በሰፈሩ ያወጅሁት እኔ ነበርኩ። እንኳን ደስ ያላችሁ ያለን ሰው ሁሉ እንደገና ተመልሶ «አላህ ይተካላችሁ» ሊል መጣ፤ እሷ ደግሞ ለእያንዳንዱ እየተነሳች እጅ ትነሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ከሰው ዓይን ሸሽታ እንደኖረች አይቻለሁ። ይሄኛውን ሆዷ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ልትደብቀው ነበር፤ ከዓይን፣ ከወሬ፣ ከእኔም።

«ማክሰኞስ? ጀሪካኑን ሳስወርድህ ለምን አፍህን አልከፈትህም?»

«ከፍቼ ነበር። አንቺ ፍርድ ፍርድ እያልሽ ትጮሂ ነበር።»

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ በየጉድጓዱ ምራቴን ደግፌ ያዝኳት።

አዋላጇ ነርስ ወጣት ልጅ ናት፤ በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ምራቴን አስተኝታ፣ «የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ብላ ጠየቀቻት። ምራቴ ታለቅሳለች። የመለሰው ልጄ ነው። «ረመዳን ሊገባ ልክ ሦስት ሳምንት ሲቀረው» አለ።

«አጃኢብ! አንተ ይሄን በምን አወቅህ?» አልኩ።

«ሚስቴ ናት እኮ እማዬ።»

ለአባቱ፣ አላህ ይዘንለት፣ ሰባት ልጅ ወልጄለታለሁ። አንዱንም እኔ ሳልነግረው አላወቀም። አራተኛዋን ሲያውቅማ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር፤ «ምነው ወፈርሽ?» ብሎኛል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ወንድ ይሄን ያውቃል ተብሎ ሰምቶ አያውቅም፣ እኔም ከወንድ ጠብቄ አላውቅም።

«ጾመሻል?» አለቻት አዋላጇ።

ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጄ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ቀጥሎ፣ «እስከ አሥራ አራት» አለ። «ከዚያ በኋላ እኔ ከለከልኳት። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ቦታዬ እየመጣች ከብረቱ ክምር ጀርባ ወተትና ዳቦ ትበላለች። እንቁላልም ቀቅዬላታለሁ። ያስመልሳታል፣ ግን ትንሽ ትንሽ ሲሆን ይቀመጥላታል።»

እንግዲህ ዒድ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያወደስኩት ጾም ይሄ ነው! ደሜ ፈላ። «መግሪብ ላይ ተምር ስታነሺስ?» አልኳት።

ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ሞላች ያሉት አንቱ ነዎት እትዬ። እኔ ሞላሁ አላልኩም።»

አዋላጇ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። እውነቷን ነዋ። ማንም አልጠየቃትም። የተፈቀደላትን በላች። ያልተፈቀደውን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሳይጠይቀኝ የሌላ ሰውን ኢባዳ፣ ለአላህ የሚያደርገውን፣ ቆጠርኩ።

ከዚያ ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ገባን። አዋላጇ ሆዷ ላይ ቅባት ቀብታ ዕቃውን ታንሸራትታለች። ምራቴ ጣሪያውን ታያለች፣ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። ልጄ በብረት ሥራ የጠነከረ ጣቱን ይነክሳል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ «ያ ረቢ፣ ቅጣቱ የኔ ነው፣ በዚህች ላይ አታድርገው» እላለሁ። ስክሪኑ ግራጫ ነው፤ ዝናብ የመታው መስታወት ይመስላል። አዋላጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ባቄላ የምታህል ነገር አለች፤ መሀሏ ላይ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት የሚርገበገብ አለ።

«ልቡ ይመታል» አለች።

ልጄ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ።

«በውሃው ነው? በተሸከመችው?» ብዬ ጠየቅኋት። አይደለም እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ሐቀኛ ልጅ ናት። «በውሃው ነው አልልም እናቴ፤ ሳይሸከሙም ይደማል። አይደለም ብዬ ግን አልምልልዎትም። ከአሁን በኋላ ከባድ አትሸከም። ደሙ ከበዛ ወይም ሆዷን ከቆረጣት በዚያችው ሰዓት አምጧት» አለች። ለልጄ ደግሞ የደም ማነስ እንክብሉን እንዴት እንደምትወስድ ነገረችው፤ «አንተ ግማሹን ቀድመህ ታውቀዋለህ» አለችው። ልጄ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ካርቶኑ ጋ ሄጄ የትንሿን ስም ከውሃው ተራ ላይ ሰረዝኩ። በስሟ ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩ። ትልቋ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«ጥሩ አደረጉ፤ ሐቋ ነው» አለች። «የኔስ?»

«ያንቺ ምን?»

«ሦስተኛውን አርግዤ እስከ ዘጠነኛ ወሬ በተራዬ ቀድቻለሁ። በዚሁ ካርቶን።»

«ታዲያ መች ተናገርሽ? ብትነግሪኝ…»

«ሆዴ ይናገር ነበር እኮ እትዬ! በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። "ተራ ተራ ነው" አሉኝ። ባሌ እዚህ ቢኖር ይሸከምልኝ ነበር እያልኩ አልቅሻለሁ። አሁን በዒድ ደግሞ በሰው ፊት ሰባት ቀኔን ቆጠሩልኝ።»

 ዕድሜዬን ሙሉ ከአማቴ የተለየሁ መስሎኝ ነበር። አማቴ እያደላች ጎዳችኝ፤ እኔ እኩል እያደረግሁ ጎዳሁ። ራሴ ሸብቶ ይሄን የማውቀው አሁን ነው?

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ዛሬ አልልም። ዛሬ ተናድጃለሁ።» ልብሷን ልታሰጣ ሄደች፤ ከሄደችበት ተመልሳ መጣች። «ደግሞ የሰደቡኝ በሰው ፊት ነው። አፉ በይኝ ሲሉም በሰው ፊት ይሁን።»

ፍርድ ነው። አልተከራከርኩም። በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ዒድ ዕለት የነበሩትን ጎረቤቶች ጠርቼ፣ «ይህችን ልጅ በዒድ ያለ ሐቋ ተናግሬያታለሁ፣ አፉ ትበለኝ» አልኩ። ሴቶቹ ተያዩ። ያቺው ሳቂታዋ ጎረቤቴ፣ «ምነው? ትንሿ ሠላሳውን ሞልታ አልነበር? ምን ተገኘ?» አለች። ትንሿ ምራቴ በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ተለወጠ። እርግዝናዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ውስጤ አያድርም፤ ሰው ያውቀዋል።

«የኔ ቤት ጾም ለኔ ቤት ነው። አንቺ ሁዳዴን ስንት ቀን እንደገደፍሽ ጠይቄሻለሁ?» አልኳት።

ሳቁ ወደ እሷ ዞረ። ትልቋ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል «አፉ ብያለሁ» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የውሃውን ተራ የወሰደው ልጄ ነው፤ የሁለቱንም ቤት። ስሜን ካርቶኑ ላይ ሲያይ «ጉልበትሽን እዚያው አስቀምጪው» ብሎ ጀሪካኑን በገመድ አዝሎ ወጣ። ከቦኖው ሴቶች አንዷ፣ «በያጁ ቀሚስ ይሰፋለት እንጂ!» ብላ ጮኸች። በሩ ላይ ነበርኩ። «አንቺ ስፊለት፤ ባልሽም ካማረው ለሁለት ይሁን!» አልኳት። በእርግጥ ዓይኔ አሁንም አልለመደውም። ወንድ ልጄ አጎንብሶ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ደሙ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ግን ማንም ደስ አላለውም። ያለፈው የወረደባት በሦስት ወሯ ስለነበር ያቺን ሳምንት እንጠብቅ ነበር። ሳንነጋገር ሁላችንም እንጠብቃለን። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ትልቋ እጇ ከሥራ ይቆማል፤ እኔ ከበሩ ላይ ዓይኔን አልነቅልም። ስትወጣ ቀና ብላ «ምንም የለም» ትለናለች። እንዲህ እያለች ሳምንቷ መጣች፤ አለፈችም።

አራተኛ ወሯን ስትይዝ ለቀጠሮዋ ሄድን። ትልቋም ልጆቿን ጎረቤት ትታ መጣች። አዋላጇ ትንሽ ሬዲዮ የምትመስል ነገር አውጥታ ጫፏን ምራቴ ሆድ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ድም ድም ድም ድም እያለ ፈረስ የሚጋልብ የሚመስል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። የአዋላጇን እጅ ለቀም አደረግሁ።

«ምን ሆኖ ነው? ምነው እንዲህ ፈጠነ? ታሟል?»

«ጤነኛ ነው እናቴ። የሁሉም እንዲህ ነው።»

ሰባት ወልጃለሁ፤ ሁለቱን ቀብሬያለሁ። የስንቱን ሰው ልጅ ከእናቱ ቀድሜ አውቄያለሁ ብዬ ኮርቻለሁ። አንዱም ሳይወለድ እንዲህ ሲሮጥ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ የሚስቱን እግር ይዞ ቆሟል፤ ትልቋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። አዋላጇ ዕቃውን ልታነሳ ስትል፣ «ቆይ፣ ቆይ ልጄ፣ ትንሽ ተዪው» አልኳት። ተወችልኝ።